ማፈግፈግና ሽሽት

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን ስንል ጥቂት ኩራት ይሰማናል፤ ቃል ሁሉ በእኛ ደጅ የሚያልፍ ይመስለናልና። ይህ ኩራታችን ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ እንዴት እንደ ተሰበረ ለጓደኞቻችን ልናጫውት እንወዳለን።

ማታ ማታ ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ቤት ቡና እንጠጣ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ «አሥር አለቃ» እያለ ይጠራቸዋል። አንድ ምሽት ስለ ጦር ቃላት ጨዋታ ተነሣና ከመጽሐፍ የለቀምነውን ዘረዘርንላቸው። ደጃዝማች የደጅ አዝማች መሆኑን፤ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ስማቸውን ከሰልፉ ቀኝና ግራ ማግኘታቸውን፤ ፊታውራሪም ከፊት ቀድሞ የሚዘምት በመሆኑ ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲወድቁ ማዕረጉ ባዶ ስም እንዳልነበረ ነገርናቸው። ሻለቃም የሺህ አለቃ ነው አልን።

አሥር አለቃ ፈገግ አሉና «ቅኝትስ?» አሉን። የክራር ቅኝት ነዋ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ አልናቸው። «የእኛም እንደዚያው ነው» አሉ፤ «የቅኝት ጓድ በሌሊት የሚወጣው ሊዋጋ ሳይሆን አይቶ ወሬ ሊያመጣ ነው። ክራሩስ ቢሆን ሳይቃኝ ይዘፈንበታል?»

እኛም በጨዋታው ሞቅ ብሎን «ማፈግፈግ ማለትስ ሽሽት በጨዋ ስም ሲጠራ ነው» ብለን ሣቅን። አሥር አለቃ አልሣቁም። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሽሽት አዛዥ የለውም» አሉ። «የሚሸሽ ሰው መሣሪያውንም ወንድሙንም ጥሎ ለራሱ ይሮጣል። ማፈግፈግ ግን በትእዛዝ ነው። ሰዓቱና የሚደረስበት መስመር አስቀድሞ ይነገራል። አንዱ ወገን ሲተኩስ ሌላው ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ይፈራረቃሉ። ቁስለኛው ይነሣል። ከኋላም ደጀን ቦታ ይዞ ይጠብቃል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዎች ለሌላው ሽፋን ሆነው ይቀራሉ። ልጄ ከእነዚያ አንዱ ነበር።»

ቤቱ ዝም አለ። ልጃቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ትከሻውን ቆስሎ ከጦር ሜዳ ሲመለስ፣ ክፍሉ አፈገፈገ መባሉን ሰምተን «ሸሽቶ መጣ» ብለን ካወራነው መካከል እኛም ነበርንበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር። ልጁም ከዚያ ወዲህ ከሰው መቀላቀል ትቷል።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድን። አጥር ሲያጥር አገኘነው። ያልነውን አልደበቅንም፤ የቃሉን ትርጉም ሳናውቅ ስምህን አጥፍተናልና ይቅር በለን አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ቃሉን ባታውቁ እኔን ታውቁኝ ነበር» አለን። ከዚያም በደኅናው እጁ የአንዱን እንጨት ጫፍ ሰጠንና እስከ ቀትር አብረን አጠርን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! እኛ ቃልን እንፈታለን ብለን እዚህ ተቀምጠናል። ነገር ግን ቃሉን በትከሻው የተሸከመው ሰው ብዙ ጊዜ ከጎረቤታችን ነው። ከመሣቃችን በፊት እርሱን እንጠይቅ።