የማደብዘዝ ሥራ

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ታላቅ ወንድሜ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ጥቁሩን የኤሌክትሪክ ጊታሩን አስረከበኝ። «እስክመለስ ጭረት እንዳያገኘው፤ አደራ!» አለኝ። የሰው ገንዘብ መጠበቅ እንጀራዬ ነውና ከዚህ የቀለለ አደራ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያን ቀን አንሥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባንክ ስመለስ ከማኅደሩ አወጣዋለሁ፤ በለስላሳ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ መልሼ እከተዋለሁ። ጣቶቼን ያፍታታሁት ግን በአንድ አሮጌ ቦክስ ጊታር ነው።

አንጸባራቂ ጥቁር ዕቃ ያለው ሰው ነገሬን ይረዳኛል። ጣት ባረፈበት ሁሉ አሻራ ይቀመጥበታል፤ ክንድ በተደገፈበት ላብ ይታይበታል። አንዳንድ ማታ ክሩን ልነካ ጎንበስ ስል፣ ክራቫቱን ያልፈታ አንድ ሰው ከጊታሩ ገላ ላይ ቀና ብሎ ያየኛል። «የማንን ዕቃ ነው የምትነካው?» የሚለኝ ይመስለኛል። እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ወንድሜ ደወለ። «ልጆቹ እዚህ ለምደዋል፤ እንግዲህ የምመለስ አይመስለኝም። ጊታሩን ወይ ሽጠው፣ ወይ ተጫወትበት» አለኝ፤ ስለ አሮጌ ጃኬት የሚያወራ ያህል ቀለል አድርጎ። እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ ስልኩን አቀበልኳት። ስለ ጊታሩ አልነገርኳትም፤ ስለ መመለሱም።

ልሸጠው አልቻልኩም። ያ ብልጭታ እያለ ልጫወትበትም አልቻልኩም። ስለዚህ ብልጭታውን ላጠፋው ወሰንኩ።

አንድ ገጽ የሚያንጸባርቀው እጅግ ልሙጥ ከመሆኑ የተነሣ ነው፤ ያረፈበትን ብርሃን እንደ መስተዋት ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ ጭረቶች ሲበዙበት ብርሃኑ ይበተናል፤ ገጹም ይደበዝዛል። ማደብዘዝ ማለት እንግዲህ በሥርዓት መጫር ነው። (አደራው ደግሞ «ጭረት እንዳያገኘው» የሚል ነበር።)

በካሊፎርኒያ የነበረው የፌንደር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አንዳንድ ጊታሮቹን ለመኪና በተሠራ ቀለም ይቀባ ነበር። የዚያን ዘመን የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ስስ ነው፤ ከላብና ከእጅጌ ብዛት በራሱ ጊዜ ይሳሳል። አየርላንዳዊው ሮሪ ጋላገር እ.ኤ.አ. በ1963 የገዛው የ1961 ስትራቶካስተር ቀለሙ አብዛኛው ተልጦ እንጨቱ ገጦ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው፤ ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ እያላበው ይጫወትበት ነበር። የወንድሜ ጊታር ግን በወፍራም ፖሊዩረቴን የተለበጠ ነው። እንደ እኔ ባለ ጠባቂ እጅ መቶ ዓመት ቢቀመጥ አይለወጥም።

መርካቶ፣ የመኪና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ በውሃ የሚሠራ ቁጥር 1500 ብርጭቆ ወረቀት ጠየቅሁ። ሻጩ የመኪናዬን ዓይነት ጠየቀኝ። ጊታር መሆኑን ብነግረው «ታዲያ ምን በደለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደቃቅ የብረት ሱፍም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ብናኙ ከክሩ ሥር ያሉት ማግኔቶች ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራልና ተውኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክሮቹን ፈታሁ። ውሃ ወደ እንጨቱ ከገባ ያብጣልና ቀዳዳውንና ብሎኑን ሁሉ በፕላስተር ሸፈንኩ። ወረቀቱን በጠብታ የሳሙና ውሃ አርሼ ከጀርባው ጀመርኩ፤ ሰው ከማያየው፣ ሆድ ከሚነካው ቦታ። እጅ ሳይከብድ፣ ሳያዞሩ፣ በቁመቱ ቀጥ አድርጎ መሄድ ነው፤ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ማቅለል፣ ልባጡ በዚያ በቶሎ ያልቃልና። የመጀመሪያው ጭረት ሲያርፍ ክንዴ ተንቀጠቀጠ። በሥራዬ የተሳሳተ ቁጥር በማስተካከያ ምዝገባ ይመለሳል፤ ይህ ግን መመለሻ የለውም።

ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ደስ አለኝ፤ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ከላይኛው ልባጥ አልፌ ቀለሙን ነካሁ ማለት ነበር። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ ነጩን ውሃ አየች። «ምነው ልጄ፣ የወንድምህ ዕቃ አይደለም ወይ?» አለችኝ። «ነው» አልኳት። ጥቂት ቆማ አይታኝ ሄደች። የገባት ይመስለኛል፤ ማታ በራት ላይ ስለ እርሱ መምጣት እንደ ወትሮው አላነሣችም።

ሲመሽ ጠረግሁት። ጥቁርነቱ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን እንደ ረጋ ከሰል እንጂ እንደ መስተዋት አይደለም። ጎንበስ ብል ማንም አላየኝም። ክሮቹን መልሼ ቃኘሁና ትዝታን፣ እያሳሳትኩ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወትኩ። ክንዴ ያረፈበት አልታየም።

በሳምንቱ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። አንዳች ሳልናገር ጊታሩን ወደ ካሜራው አቀረብኩለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አንገቱንስ?» አለ በመጨረሻ።

«የምን አንገት?»

«የአንገቱን ጀርባ ነዋ። እኔን ሁልጊዜ ያስቸግረኝ የነበረው እርሱ ነው፤ ላብ ሲነካው እጅ ይይዛል። ላደበዝዘው እያልኩ ሳልደፍር ነው የሄድኩት። በስንት ቁጥር ነው የሠራኸው?»

«በ1500» አልኩት። ግማሹ ወረቀት ተርፎኝ ነበር።