ለቤተሰብ የሚመረጥ የውኃ ዳር

አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ በመርሐ ቤቴ የምንኖር ሰዎች ቤተሰባችንን ይዘን የምንወርድበት የውኃ ዳር አናጣም። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የጀማን ወንዝ ስለሚሻገር፣ ዳርቻው ለአረጋውያንም ለሕፃናትም ይቀርባል። በበጋ ውኃው ጎድሎ አሸዋው ሲገለጥ እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን በደጋው ዝናም የጣለ እንደ ሆነ፣ በቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ውኃ ድንገት ይመጣል። ስለዚህ በደጋው ላይ ደመና በታየ ዕለት ከገደሉ አፋፍ ሆኖ መመልከት ይበቃል።

መዋኘት የሚሻ ቤተሰብ ግን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ላንጋኖን ይምረጥ፤ ውኃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ በሽታ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ሐይቅ ነው። እንግዲህ የውኃን ዳር በመልኩ ሳይሆን በጠባዩ እንምረጥ፤ ይዘን የምንሄደው ልጆቻችንን ነውና።