የሰንበት ድስትና እናታችን

ዛሬ የምናወራው ስለ ድስት ነው።

ልጆቻችን ያቺን ቀስ ብላ የምታበስል የኤሌክትሪክ ድስት፣ «ሲር ቢሹል ኢቲ» የሚሏትን፣ ገዝተው አመጡልን። «ዓርብ ሞልታችሁ ትሰኳታላችሁ፣ ሻባት ትኩስ ሐሚን ትበላላችሁ» አሉን። እኛም እንደ እንጨት እሳቱ ድስት መስሎን ውኃውን እስከ አፏ ሞላነው። በማግስቱ የወጣው ሾርባ ይሁን የዕቃ እጣቢ፣ እስካሁን አልተለየም።

ቀስ በቀስ ለመድናት። ክዳኗ ገጥሞ ስለሚያድር እንፋሎቱ አይወጣም፤ ስለዚህ ውኃው ከምድጃው ድስት ያነሰ ይሁን። ለሐሚን ግን ገብሱና ባቄላው ውኃ ይጠጣሉ፤ እህሉን ሸፍኖ ጥቂት ከፍ ካለ ይበቃል። ከግማሽ በላይ ትሙላ፣ ከሁለት ሦስተኛ ግን አትለፍ። ድንችና ካሮት ከታች፣ ሥጋው ከላይ። ሥጋው ከፍሪዘር ወጥቶ በረዶውን እንደያዘ አይግባ። ክዳኑንም እየከፈታችሁ አትዩ፤ በከፈታችሁ ቁጥር እስከ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳችኋለች። በሻባትማ ማማሰሉም ውኃ መጨመሩም የለም።

አንድ ነገር አደራ። ቀዩን ቦሎቄ ጥሬውን እንዳትጨምሩ! ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉና፣ በአዲስ ውኃ ምድጃ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፍላ። ጥሬው ሆድ የሚያገለብጥ መርዝ አለው፤ የዚህች ድስት ዝግ ያለ ሙቀት አያጠፋውም።

ዶሮ ወጥ ያማራችሁ እንደሆነ ቁሌቱን ለእሷ አትስጡ፣ ሽንኩርት ማቁላላት አታውቅም። ሽንኩርቱንና በርበሬውን በዘይት ምድጃ ላይ ጨርሳችሁ፣ ከዚያ ዶሮውን ጨምራችሁ ስጧት። እንቁላል ከነቅርፊቱ ሐሚኑ ውስጥ ካደረ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ልጆቹ የሚጣሉት በእሱ ነው።

እናታችን ግን አልቀመሰችም። እሷ ያደገችው ጎንደር ገጠር ነው። እዚያ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ ነበር፤ የሰንበት ምግብ ከዋዜማው ተሠርቶ ያደረ፣ የቀዘቀዘ ነው።

«ይቺ ቀይ መብራት እሳት አይደለችም ወይ? ማን ነው የሚያነዳት?» አለችን።

«ፀሐይ ሳለች ነው የተሰካችው፣ ማንም አልነካትም» አልናት። ራቢውም ፈቅዷል አልን።

«እንግዲያ እናንተ ብሉ» ብላ ዳቦዋን ቆረሰች። ልጆቹ ሳቁ። እኛ መሳቅ አቃተን፤ አንድ ማዕድ ላይ ሁለት ሰንበት ሆነብን። ስንት ሻባት እንዲህ አለፈ፣ እሷ ቀዝቃዛውን፣ እኛ ትኩሱን፣ ዓይናችንን እየሰበርን።

አሁን አንድ ዘዴ አግኝተናል። ሻባት ጠዋት በመጀመሪያ ለእሷ እንጨልፍና ሳህኑን መስኮቱ አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ከጸሎት ስንመለስ ጣቷን ሳህኑ ላይ አሳርፋ መቀዝቀዙን ታያለች። ከዚያ ዳቦዋን ታጠቅሳለች።

ባለፈው ሻባት ሁለት ጊዜ አጠቀሰችና፣ «ጨው አንሶታል» አለች።