ድንጋይ በችኮላ አይወጣም

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። የምንሠራው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። ሁለታችን ሾፌሮች ነን። አንዱ መካኒክ ነው፤ አንዱ ጎሚስታ ነው። ሥራችን መኪና ነው፤ ወሬያችንም መኪና ነው። ማታ ሻይ ስንጠጣ «ጎበዝ ሾፌር ማን ነው?» እያልን እንከራከራለን። አንድ ቀን ክርክሩን በተግባር እንፍታው አልን። ባሌ ሄደን ቱሉ ዲምቱን በመኪና ልንወጣ ተስማማን።

ጊዜው ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከዚያ በፊት በነበረው ወር፣ በመስከረም ነው። መኪናችን አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ባለቤቷ ከመካከላችን አንዱ ነው። የልጆቹ እንጀራ የሚገኘው ከእሷ ነው። ይህን እያወቅን ነው የወሰድናት።

ጎህ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ተነሣን። በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በሮቤ አልፈን ጎባ አደርን። በማግስቱ ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱሉ ዲምቱ ግን 4,377 ሜትር ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሰው ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ አየር ሲያንሰው ጉልበቱ ይደክማል።

ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ነው። ዝናብ አፈሩን አጥቦት ድንጋዩ አግጥጦ ነበር። መሪ የያዘው ጓደኛችን «በአንድ ትንፋሽ ነው የምወጣው!» አለ። እኛም «በለው! በለው!» አልን። ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ ዘለለች፤ ድንጋይ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ወዲያው ከሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማን። መኪናዋ ሆዷን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ቆመች። አንዱ ጎማ አየር ላይ ቀረ።

ሁላችንም ዝም አልን። ባለቤቱ ወርዶ ከሥሯ ገባ። ዘይት ፈሶ እንደሆነ በእጁ ዳሰሰ። ደረቅ ነበር። «እግዜር አተረፈን» አለ፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ አፈርን። «በለው» ያልነው እኛ ነን፤ ብትሰበር ጦሙን የሚያድረው ግን የእሱ ቤት ነው።

አንዳችን «በሣሩ በኩል ዞረን እንውጣ» አለ። አብሮን የነበረው አስጎብኚ እምቢ አለ። «ከመንገድ መውጣት አይቻልም። ከሣሩ ሥር የአይጦች ጉድጓድ አለ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እነሱን በልቶ ነው። ጉድጓዱን ከደፈናችሁት ምን ይበላል?» አለን። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። ያሉት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። መልስ አጣን።

ስለዚህ እንደገና በሥርዓት ጀመርን። መኪናዋን በክሪክ አነሣን፤ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ደለደልን። ጎሚስታው ከአራቱም ጎማ ንፋስ ቀነሰ፤ የለሰለሰ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ይይዛልና። መካኒኩ ትንሿን የማርሽ ዘንግ ወደ ከባዱ ማርሽ አስገባ። አራቱም ጎማ ቀስ ብሎ፣ ግን በጉልበት መዞር ጀመረ። አንድ ሰው ብቻ ፊት ቆሞ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሌሎቻችን አፋችንን ዘጋን፤ አዛዥ ሲበዛ ሾፌር ግራ ይገባዋል። ሾፌሩም አውራ ጣቱን ከመሪው ውስጥ አወጣ። ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪ በድንገት ዞሮ ጣት ይሰብራል።

ትልቁን ድንጋይ በሆዷ ሥር አላሳለፍነውም። ጎማዋን አናቱ ላይ አወጣነው። ሆዷ ከፍ አለ። እንደ ኤሊ እየዳኸች አለፈች። እግረኛ ይቀድማት ነበር፤ ግን ጫፉ ላይ ደረሰች።

ስንወርድም በከባድ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ያዛት። ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል። ድንጋዩን ስንጨርስ ጎማዎቹን መልሰን ነፋን። ሐዋሳ ገብተን፣ ከሥሯ የተጣመመውን ብረት ለአራት ተካፍለን አሠራን።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እኛም ለቅመናል። አሁንም ማታ ማታ ሻይ እንጠጣለን፤ ክርክሩ ግን ቀርቷል። እናንተም ክፉ መንገድ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ውረዱና እዩ። «በለው» የሚላችሁን ሰው ደግሞ፣ ቢሰበር አብሮ ይከፍል እንደሆነ ጠይቁት።