የአለንጋ ጣት ፈተና

በአገራችን አነጋገር ረዘም ቀጠን ያለ ጣት ያለው ሰው «አለንጋ ጣት» እየተባለ ይመሰገናል። እኛም በልጅነታችን ይህ ምስጋና ደርሶን ነበር። የኛ ጣት ከመርዘሙም በላይ ተለማጭ ስለ ሆነ፥ ወደ ኋላ እያጠፍን ለጓደኞቻችን ማሳየት ታላቅ ኩራታችን ነበር። ያ ኩራት ውሎ አድሮ ወደ ኀፍረት ይለወጣል ብለን ግን አላሰብንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እኅታችን በታጨች ጊዜ፥ በሠርጓ ቀን ጊታር እየመታን እንድንዘፍንላት ቃል አስገባችን። ማታ ማታ ከሥራ ስንመለስ እየተለማመድን ቀላል ቀላሎቹን ኮርዶች አወቅናቸው። ባሬ ኮርድ ከሚባለው ስንደርስ ግን ቆመን ቀረን። ባሬ ኮርድ ማለት ሌባ ጣት በስድስቱ ክሮች ላይ ተጋድሞ ሁሉንም ባንድነት ሲጫን፥ የቀሩት ጣቶች ከፊቱ ሆነው የኮርዱን ቅርጽ የሚያሟሉበት አያያዝ ነው።

ክራር መቺ ይህ መከራ የለበትም፤ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ድምፃቸውን ያፍናሉ እንጂ ከእንጨት ጋር አያጣብቋቸውምና። ጊታር ግን ከጣት አጥንት ይፈልጋል። የኛ ሌባ ጣት ገና ሲጫን አንጓው ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ጫፉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከጫፉ ሥር ያለው ወፍራሙ ክርም እንደ ጢንዚዛ ጢዝ ይላል።

በጉልበት ልናሸንፈው ፈለግን። ባንድ ሌሊት ብዙ ሰዓት ስንታገል አድረን፥ በማግሥቱ አንጓው አብጦ በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ደብዳቤ መጻፍ አቃተን። ለዘፈን ብለን የእንጀራችንን መሣሪያ ልናጣ ነው ብለን እጅግ ፈራን።

እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ የሙዚቃ መምህር ሄድን። እጃችንን አገላብጠው አዩና፥ «ልጄ፥ አንጓህ ወደ ኋላ ይለመጣል እንጂ ወደ ጎን አይለመጥም። ታዲያ ስለ ምን በጎኑ አታስተኛውም?» አሉን። ከዚያም ጣታችንን በአውራ ጣት በኩል ወዳለው አጥንታም ጎኑ ጥቂት አዘንብለው፥ ከብረቱ ዘንግ አጠገብ አስቀመጡት። በአውራ ጣት ከመጭመቅ ይልቅ በክንድ ክብደት ወደ ኋላ መሳብ እንደሚሻልም አስረዱን። ክሩ በመጀመሪያው ቤት ላይ ስለሚጠነክር ከአምስተኛው እንድንጀምር፥ አስቀድመን ሁለት ክር፥ ቀጥሎ ሦስት እንድንጫን፥ ሕመም ሲሰማን ግን ወዲያው እንድናቆም አዘዙን።

ደግሞም አጽናኑን። ጣሊያናዊው ኒኮሎ ፓጋኒኒ ቫዮሊንም ጊታርም የሚጫወት ሰው ነበረ፤ ሐኪሙ ፍራንቼስኮ ቤናቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ የእጁን መገጣጠሚያዎች ልዩ ተለማጭነት መስክሮለታል። እንግዲያስ ተለማጭነት ብቻውን ጠላት አይደለም ማለት ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰና ቃላችንን ፈጸምን። ኤፍ ከሚባለው ኮርድ ላይ ስንደርስ ወፍራሙ ክር አሁንም ጥቂት ጢዝ አለ። እኅታችን ግን አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነችልን። እኛም አንባቢያችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ ሥራ እንቢ ቢልዎ ጉልበት ከመጨመርዎ በፊት አያያዝዎን ይመርምሩ።