ስቶክዌል ጣቢያ ስትደርሱ ቆም በሉ

ለንደን ዘመድ ልትጠይቁ ሄዳችሁ፣ ቢግ ቤን ፊት ለፊት ፎቶ ከተነሣችሁ በኋላ ትርፍ ቀን ካላችሁ ወደ ደቡብ ለንደን ብቅ በሉ። ከተልስ ሂል ቁጥር 2 አውቶቡስ ያዙ፤ ብሪክስተንን አልፋችሁ ስቶክዌል ትወርዳላችሁ። ሳውዝ ላምቤዝ መንገድ ላይ የፖርቱጋሎች ካፌዎች አሉ፤ እናንተ ቡና፣ ልጆቹ ደግሞ በእንቁላልና በወተት የተሠራችውን ትንሽ ኬክ ታጣጥማላችሁ።

ከመመለሳችሁ በፊት ግን ከምድር ባቡር ጣቢያው ውጪ ግድግዳው ላይ ያለውን የሞዛይክ ሥዕል እዩ። የ27 ዓመቱ ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዣን ቻርለስ ዴ ሜኔዜስ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2005 አጥፍቶ ጠፊዎች ለንደን ውስጥ 52 ሰዎችን ገደሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጥቃት ተሞክሮ ከሸፈ። ፖሊስ በአንዱ ቦርሳ ውስጥ ያገኘው የጂም ካርድ ተልስ ሂል አካባቢ ወዳለ ሕንጻ መራው። የሚፈለገው ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ሁሴን ኡስማን ነበር።

ሜኔዜስም የሚኖረው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው። ጁላይ 22 ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ፣ በሩን የሚጠብቀው ሰው ለሽንት ዞር ብሎ ስለነበር ምስሉን አልቀረጸውም። ወጣቱ እናንተ በመጣችሁበት ቁጥር 2 አውቶቡስ ተሳፈረ። ብሪክስተን ጣቢያ ዝግ ስለነበር ተመልሶ ያንኑ አውቶቡስ ያዘ፤ ይህም ለተከታታዮቹ አጠራጣሪ መሰለ። ስቶክዌል ደርሶ ነጻ ጋዜጣ አነሣ፣ በካርዱ ከፍሎ ገባ፣ ባቡሩ ውስጥ ተቀመጠ። ፖሊሶች ጭንቅላቱን ሰባት ጊዜ በጥይት መቱት። በማግስቱ ንጹሕ ሰው መሆኑ ታወቀ።

ልጃችሁ «ፖሊሶቹ ታሰሩ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ መልሱ «አልታሰሩም» ነው። በ2007 የለንደን ፖሊስ እንደ ተቋም የሕዝብን ደኅንነት ባለመጠበቁ ጥፋተኛ ተብሎ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ። በ2016 ደግሞ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ፖሊሶቹ በግል አለመከሰሳቸው ሕግ አልጣሰም ሲል በ13 ለ4 ድምፅ ወሰነ።

የፖሊሶቹን ፍርሃትም መካድ አይቻልም። ፈንጂ የታጠቀ ሰው «ቁም!» ቢባል ሊያፈነዳው ይችላል፤ ጭንቅላት ላይ መተኮስ የተፈቀደውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን እንዲህ ያለ ተኩስ ስሕተትን ማረሚያ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ «ይህ ሰው እርሱ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰውየው ገና ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ፣ አውቶቡስ ሳይሳፈር መመለስ ነበረበት። በዚያ ጠዋት ማንም በእርግጠኝነት አልመለሰውም።

ሥዕሉ በ2010 እዚህ ሲቆም ዘመዶቹና የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ልጆቻችሁን አጠገቡ አቁማችሁ ታሪኩን ንገሯቸው፤ ከዚያ እናንተም በካርዳችሁ ከፍላችሁ ወደ ባቡሩ ውረዱ።