የወንድሜ አፍ እኔ ነበርኩ

እስቲ ፍረዱኝ። ወንድሜ በአራት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ጆሮውን አሳጣው። እኔ ደግሞ በፖሊዮ ምክንያት በክራንች ነው የምሄደው። አባዬ ከኦሮምኛ ሌላ እምብዛም አይሆንለትም፣ እማዬ የአማርኛ ሰው ነበረች። ወንድሜ አዲስ አበባ ተምሮ የምልክት ቋንቋ ይዞ አዳማ ሲመለስ ቤታችን ባለ ሦስት ቋንቋ ሆነ። ምልክቱን የተማርኩለት ግን እኔ ብቻ ነኝ። እናላችሁ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ቀበሌ ሲጠራ አፉ እኔ ነበርኩ። ለዚህም ራሴን እንደ ጻድቅ ነበር የምቆጥረው።

ከሁለት ዓመት በፊት "ቴአትር እንሥራ" አለኝ። "አንተ ሳትሰማ፣ እኔ ሳልቆም ምን ዓይነት ቴአትር?" ብዬ ሳቅኩበት። እሱ ለካ ጽፎ ጨርሷል!

ታሪኩ የሽምግልና ነው። መስማት የተሳነው ወጣት ኦሮምኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል። በወጉ ሙሽራው አብሮ አይሄድም፤ ይሄኛው ግን "ስለ እኔ ሲወራ እኔም ልኑር" ብሎ ይከተላቸዋል። ሽማግሌው ምልክት ስለሚያውቅ አስተርጓሚው እሱ ነው። ልጁ እጁ እስኪዝል ያወራል፤ ሽማግሌው ዞር ብሎ "ደህና ናችሁ ወይ ይላል" ብቻ ብሎ ቁጭ! ሙሽሪትም መስማት የተሳናት ስለሆነች፣ ሽማግሌው ሲያጣምም ሁለቱ ባሻገር በእጃቸው ተነጋግረው ጉዳዩን ይጨርሳሉ።

ሽማግሌውን የምጫወተው እኔ ነኝ። ጋቢ ደረብኩ፣ ክራንቼ ከዘራ ሆነችልኝ። አንድ እጄ እሷ ላይ ስለሆነ ግን "ምልክትሽ ኮልታፋ ነው" ብለው ሳቁብኝና በርጩማ ሰጡኝ። የሙሽሪት አባት የሆነው ዓይነ ስውር ጓደኛችን ነው፤ ኦሮምኛው ማር ነው። አዘጋጃችን ብቻ የሚሰማም የሚያይም፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ ሰው ነበር።

ልምምዱ ጉድ ነው። የማያይና የማይሰማ ሰው እንዴት ይጠባበቃል? መድረኩ የእንጨት ነበርና ወንድሜ በእግሩ ይደልቃል፤ አንዱ ይሰማዋል፣ ሌላዋ ንዝረቱ በእግሯ ይደርሳታል። በኋላማ ዓይነ ስውሩ የጣት ፊደል ካልተማርኩ አለ። የእኛ የጣት ፊደል እንደ ፊደል ገበታው ሰባት ቤት አለው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ግዕዝ ካዕብ መሆኑን ይነግራል። እሱ የልጅቷን እጅ በእጁ ይዞ በዳሰሳ ለቀመው። በሦስተኛው ወር ያለ እኔ ማማት ጀመሩ! አንድ ማታ መብራት ሲሄድ እነ ወንድሜ በጨለማው ምንም መባባል አቃታቸው። "ዛሬ ሁላችሁም የእኔ እንግዳ ናችሁ" አለ ዓይነ ስውሩ፤ እያንዳንዳችንን እየመራ በር አደረሰን።

ጠቡ የመጣው በአንድ ትዕይንት ነው። ወንድሜ መሐል ላይ ሦስት ደቂቃ በምልክት ብቻ ይናገራል፤ ማንም አይተረጉምም። አዘጋጁ "ሰው ጥሎን ይወጣል" አለ። እኔም ከአዘጋጁ ጋር ወገንኩ፤ አካል ጉዳተኛ ነኝና መብቱም ያለኝ መሰለኝ። ልጅቷ ለንደን ስላለ ቡድን ነገረችን። ግሬአይ ይባላል፣ በአውሮፓውያን 1980 የተመሠረተ የአካል ጉዳተኞች ቴአትር ነው። ስሙ የተወሰደው አንድ ዓይንና አንድ ጥርስ እየተቀባበሉ ከሚኖሩ የግሪክ ተረት ሦስት እህትማማቾች ነው። ከ1997 ጀምሮ በኃላፊነት የመራችው ጄኒ ሲሊ ራሷ መስማት የተሳናት ናት፤ የለንደኑን የ2012 ፓራሊምፒክ መክፈቻ ካዘጋጁት ከሁለቱ አንዷም እሷ ነበረች። "እዚያ የምትወስነው እሷ ናት፤ እዚህ ለምን አንቺ?" አለችኝ። አፌን ያዝኩ።

ከዚያ ወንድሜ ሽማግሌውን ከየት እንዳመጣው ነገረኝ።

እማዬ ያረፈችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር ታማ ስትተኛ እሱ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበር፤ የተነገረው በቀብሯ ዕለት ነው። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ ረጅም ነገር ተናገረ። ለምን እንደ ሰው እንዳልነገርነው፣ ለምን ሳይሰናበታት እንደቀረ... ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ "ምን ይላል?" አለ። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ፣ ብድር መላሽ ያድርገኝ ይላል" አልኩ። ለሰላሙ ብዬ ነው... እሱ ግን ከንፈሬን አንብቦ ኖሯል። ሦስቱ ደቂቃ ያ የሠልስት ንግግር ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላችሁ፣ ስንት ጊዜ አሳጥራችሁለታል? እኔ ቁጥሩን አላውቀውም።

ትዕይንቱ እንዳለ ቀረ። በመጀመሪያው ቀን አባዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሽማግሌው ሰው በሳቅ ሞተ። ሦስቱ ደቂቃ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡት መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ዓይናቸውን ሲጠርጉ ከመድረክ ይታየኛል፤ የሚሰማው ሰው ደግሞ ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ይተያያል። አንድም ሰው ግን አልወጣም። አባዬ መታገሥ አልቻለም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ እኔ "ማል ጄዳ?" አለ፤ ምን ይላል ማለቱ ነው። የሠላሳ ዓመት ልማዴ ነውና አፌ ተከፈተ። መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም፤ ክራንቼንም ጨምሮ።

ማታ ቤት ገብተን ሻይ ሲቀርብ አባዬ ጥያቄውን ደገመው፤ አሁን ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ መሐላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል ሳልቀንስ በኦሮምኛ ተረጎምኩ፣ ስድቡን ጭምር። አባዬ ጎንበስ ብሎ ቆየ።

"እንዳይነገረው ያልኩት እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "መንገድ ላይ ደንግጦ መኪና እንዳይገጨው ፈርቼ።"

ይህንንም ሳልቀንስ በእጄ ነገርኩት።